ተራራውን የወጣው ማን ነው? ሸክሙንስ ማን ተሸከመ?

ሰሞኑን በግቢያችን ውስጥ፣ በምግብ አዳራሹም ሆነ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፣ አንድ ሐሳብ ሲወራ ይሰማል። ይኸውም መምህራንና ተማሪዎች፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችም ጭምር፣ በአንድነት ተሰልፈው ተራራ ቢወጡ፤ ስለ ድካማቸውም ከወዳጅ ከዘመድ ገንዘብ ቢሰበስቡ፤ ገንዘቡም ከቤተሰብ ምንም ለማይላክላቸው ጓደኞቻችን መርጃ ቢውል መልካም ነው የሚል ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት ብዙዎች ናቸው፤ የሚስቁበትም ጥቂቶች አይደሉም። ከደጋፊዎቹ አንዳንዶቹ ራስ ደጀንን ያነሣሉ፤ ሕልማቸው ከፍ ያለው ደግሞ ኪሊማንጃሮን ይጠራሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ እንዲህ ነው። ተራራው ይወጣ፤ ነገር ግን እግራችንን ከማንሣታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ። የመንገዱን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው? ገንዘቡን የሚቀበለው ሰውስ ክብሩ ሳይነካ የሚቀበለው እንዴት ነው? ለእነዚህ ለሦስቱ መልስ የሌለው ጉዞ ምጽዋት ሳይሆን ሽርሽር ነው። ሽርሽር ኀጢአት አይደለም፤ ግን በድኻ ስም ሊደረግ አይገባውም።

ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ እንግዳ ይምሰል እንጂ በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ሆስፒታል አብረው የሚሠሩ ባልደረቦች ቡድን ያቋቁማሉ፤ ወረቀት ይዘው በየጠረጴዛው እየዞሩ «ይህን ተራራ ብወጣ ስንት ትሰጠኛለህ?» እያሉ ቃል ያስገባሉ። ከሁሉም የታወቀው የሦስቱ ተራሮች ጉዞ የሚባለው ነው። በስኮትላንድ ቤን ኔቪስን፣ በእንግሊዝ ስካፌል ፓይክን፣ በዌልስ ደግሞ ስኖውደንን በ24 ሰዓት ውስጥ ወጥቶ መውረድ ነው፤ በመካከል ያለውን ረጅም መንገድ በመኪና ይጓዙታል። ቁመታቸው 1,345፣ 978 እና 1,085 ሜትር ነው። ሦስቱ ቢደመሩ 3,408 ሜትር ስለሚሆን የደጋ ልጅ ሊስቅ ይችላል። ነገር ግን መነሻቸው ከባሕር ጠለል ብዙም ያልራቀ መሆኑን፣ ሌሊቱንና ዝናቡን ጉሙንም የቈጠረ ሰው ሣቁን ያሳጥራል።

ወደ አፍሪካችን ስንመለስ የዚህ ልማድ ዋና መድረክ ኪሊማንጃሮ ነው። ቁመቱ 5,895 ሜትር ሲሆን ከአህጉራችን ተራሮች ሁሉ የበላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጠኝ የታወቁ ዘፋኞችና የሬድዮና የቴሌቪዥን ሰዎች ኮሚክ ሪሊፍ ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሉ ይህንን ተራራ ወጡ፤ ለወባ መከላከያ የሚውልም ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችም በየዓመቱ በዚሁ መንገድ ይተማሉ። ልማዱ ገንዘብ እንደሚያስገኝ ማንም ሊክድ አይችልም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ተቃውሞ «መስጠት የፈለገ ዝም ብሎ አይሰጥምን? የእገሌ ማላብና ማለክለክ ለድኻው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። በሒሳብ ብቻ ካየነው ተቃውሞው ትክክል ነው፤ አንድ ብር በላብ ቢመጣም ያለ ላብ ቢመጣም የሚገዛው ዳቦ ያው አንድ ነው። ነገር ግን ሰው በሒሳብ ብቻ አይሰጥም። የእኛው ሕዝብ ይህንን ካወቀ ቆይቷል። ስለት ያለበት ሰው በመስከረም 21 ግሸን ማርያም ሲወጣ ወይም ዝቋላ አቦ ሲሳለም ስለቱን በሰው እጅ ልኮ እቤቱ መቀመጥ አያቅተውም ነበር። ግን በእግሩ ይሄዳል፤ ዳገቱን ይወጣል፤ ምክንያቱም ድካሙ የቃሉ ማኅተም ነው። ደቦ የጠራ ገበሬም ጎረቤቶቹን ገንዘብ አይጠይቃቸውም፤ ጉልበታቸውን ይጠይቃቸዋል። ሰው ለሚያውቀው ሰው፣ ያውም ሲደክም ላየው ሰው፣ እጁን ቶሎ ይዘረጋል።

ደግሞም ሌላ ጥቅም አለው። በአንድ ግቢ እየኖርን ስንቶቻችን ነን ከሰላምታ በቀር የማንተዋወቀው? መምህሩ በሰሌዳው ፊት፣ ተማሪው በአግዳሚው ላይ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በመስኮቷ ውስጥ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በመተላለፊያው እየተያየን እንተላለፋለን። ዳገት ግን ማዕረግ አያውቅም። በኪሊማንጃሮ ጫፍ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። በዚያ ላይ የሚቸኩል ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል፤ በሽታው ሲጠና ሳንባው ወይም አንጎሉ ፈሳሽ ቋጥሮ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የአገሩ መሪዎች ለወጣቱም ለሽማግሌውም፣ ለአለቃውም ለምንዝሩም፣ «ፖሌ ፖሌ»፣ ማለት ቀስ በቀስ፣ እያሉ አንድ ምክር ይመክራሉ። ቡድኑ የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ይገኛልን?

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከበድ ያለ ነው፤ እርሱም የወጪው ነገር ነው። በውጭ አገር ሁለት ዐይነት አሠራር አለ። በአንደኛው ወጪው የተጓዡ የራሱ ነው፤ የአውሮፕላኑን፣ የመናፈሻውን መግቢያ፣ የምግቡንና የመሪውን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል፤ ቃል የተገባው ገንዘብ በሙሉ ለተረጂው ይደርሳል። በሁለተኛው ግን ተጓዡ እንዲያመጣ የተወሰነበት ገንዘብ አለ፤ የጉዞውም ወጪ የሚነሣው ከዚያው ከተሰበሰበው ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው 4,000 ዶላር ቢሰበስብና ለጉዞው 2,000 ቢወጣ፣ ከባልደረቦቹ ኪስ ከወጣው እኩሌታው የሄደው ለበሽተኛው መድኀኒት ሳይሆን ለተጓዡ መንገድ ነው ማለት ነው። ይህ በግልጽ ተነግሮ ከተደረገ ማታለል አይባልም። ሳይነገር ከተደረገ ግን ስሙ ሌላ ነው። አሥር ብሯን ቈጥራ የሰጠች የምግብ ቤት ሠራተኛ አምስቱ ብር ለማን እንደ ዋለ የማወቅ መብት አላት።

ሦስተኛው ነገር የሸክሙ ነገር ነው፤ በዚህም ላይ ጥቂት ብንዘገይ ይገባል። ኪሊማንጃሮን «ወጣሁ» ብሎ ፎቶግራፉን የሚያሳየን ሰው ብቻውን አልወጣም። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ውሃውን፣ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ሳይቀር ተሸክመው ከፊቱ የሄዱ፣ እርሱ ሲደርስ ሻይ አፍልተው የጠበቁት ተሸካሚዎች አሉ። ለአንድ ተጓዥ ሁለትና ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ይሆናሉ። የአንዱ ሸክም ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ደንብ አለ፤ ነገር ግን ደንብ መኖሩና መከበሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሲበዛባቸው፣ ደመወዛቸው ሲጓደልባቸው፣ በቂ ልብስና ጫማ ሳይኖራቸው ወደ ብርዱ ሲወጡ ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2003 ለእነዚህ ተሸካሚዎች መብት የሚቆም ድርጅት በዚያው ተቋቋመ። እስኪ ነገሩን አስተውሉት! ለድኻ ገንዘብ ለመሰብሰብ በሚል ዓላማ በተነሣ ጉዞ ላይ ሌላ ድኻ ደመወዙ ተጓድሎበት ድንኳን ይሸከማል። ከዚህ የከፋ ምጸት አለን?

ይህ የዛሬ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 ጀርመናዊው ሐንስ ማየርና ኦስትርያዊው ሉድቪግ ፑርትሼለር የመጀመሪያዎቹ ሆነው ጫፉ ላይ እንደ ደረሱ መጻሕፍት ሁሉ ይመሰክራሉ። ዕቃቸውን የተሸከሙላቸውን ሰዎች ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የቻጋ ተወላጅ የሆነው ዮሐኒ ኪንያላ ላውዎ መንገዱን እንደ መራቸው በአገሩ ይነገራል፤ የብዙዎቹ ግን ስማቸው እንኳ አይነሣም። የታሪክ ብዕር ጫፍ የረገጠውን እግር ይጽፋል፤ ስንቅ የተሸከመውን ጀርባ ይረሳል። ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ይህንን ስሕተት ልንደግመው አይገባንም።

እንግሊዞቹም በአገራቸው ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። በሦስቱ ተራሮች ጉዞ ወቅት በተራሮቹ ሥር ያሉት ትንንሽ መንደሮች እኩለ ሌሊት ላይ በመኪና ድምፅ ይታወካሉ፤ ቆሻሻ ይጣልባቸዋል፤ መንገዱም በእግር ብዛት ይሸረሸራል። ከዚህም የሚገርመው ተጓዡ ጉም ውስጥ ሲጠፋ ወይም እግሩ ሲሰበር ፈልገው የሚያወርዱት የተራራ ነፍስ አድን ሰዎች ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች መሆናቸው ነው። ድርጅታቸውም የሚኖረው በአመዛኙ ከሕዝብ በሚሰበሰብ ርዳታ ነው። እንግዲህ ሳይዘጋጅ ለበጎ አድራጎት የወጣው ሰው ሌላውን በጎ አድራጊ አደከመው ማለት ነው። ልብ ያለው ሰው ከዚህ የሚማረው በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ በጎ ፈቃድ ዝግጅትና ሒሳብ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ስል ተራራ ላይ መውጣት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ስለ ኪሊማንጃሮ የሚነገር አንድ የከበረ ታሪክ አለ። ጫፉ በቅኝ ግዛት ዘመን በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በካይዘር ዊልሄልም ስም ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ጁልየስ ኔሬሬ በታንጋኒካ ምክር ቤት ቆመው በዚህ ተራራ ራስ ላይ መብራት ለማብራት እንደሚመኙ፣ ብርሃኑም ከአገራቸው ድንበር አልፎ ተስፋ ለጠፋበት ተስፋ፣ ጥላቻ ባለበት ፍቅር እንዲሆን እንደሚሹ ተናገሩ። በዲሴምበር 1961 ነጻነት በታወጀበት ሌሊት መኰንኑ አሌክሳንደር ኒሬንዳ ችቦውንና ባንዲራውን ይዞ ወጥቶ በጫፉ ላይ ተከለ። ጫፉም ከዚያ ወዲህ ኡሁሩ፣ ማለትም ነጻነት፣ ተባለ። ችቦው ለምን ወጣ? ኒሬንዳ እንዲታይበት አይደለም፤ ከታች ላሉት እንዲበራላቸው ነው እንጂ። ለበጎ አድራጎት ተራራ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይህንን ልዩነት ቢያስብ ይበቃዋል። አንዱ ጫፍ ላይ የሚቆመው ከታች ያሉት እንዲያዩት ነው፤ ሌላው ግን ከታች ያሉትን ለማየት ነው።

ከዚህ ተነሥተን የራሳችንን ጉዞ እንመልከት። ኪሊማንጃሮ ይቅር። ለአንድ ሰው የሚወጣው ወጪ ብቻ ስንት ችግረኛ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ በሳሙና፣ በደብተርና በትራንስፖርት ሊያኖር እንደሚችል ሒሳብ የማያውቅ የለም። ራስ ደጀንም ለጊዜው ይቆየን። 4,550 ሜትር ከፍታ ያለው የአገራችን ትልቁ ተራራ ነውና ማየቱ ክብር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቀን መንገድ፣ መኪና፣ በቅሎ፣ ጠባቂና ስንቅ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ሸክምም ነው። በራሱ ገንዘብ ሄዶ ለሚያየው መንገዱ የቀና ይሁንለት።

ለእኛ እንጦጦ ይበቃናል። ከስድስት ኪሎ በእግር ይደረሳል፤ የአውቶቡስም የአውሮፕላንም ዋጋ አይጠይቅም። ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ወንበር ላይ ለከረመ ጉልበት ቀላል አይደለም። የንጉሡና የንግሥቲቱ ከተማ ወደ ሜዳው ሳይወርድ በፊት መቀመጫው እዚያ ነበርና የታሪክ ትምህርትም አለበት። ከሁሉ በላይ ግን እንጦጦን የምመርጥበት ምክንያት ሌላ ነው። በዚያ ዳገት ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የታዩ እናቶች አሉ። በባዶ እግራቸው ወይም በላስቲክ ጫማ ያንን ዳገት ወጥተው ሲወርዱ «ስንት ሜትር ወጣሽ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ በየሜትሩ ቃል የገባላቸውም የለም። ያወረዱትን ሸጠው ያገኙት የልጆቻቸው እራት ነበር። ከእነርሱ ልጆች መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሚማሩ እንደማይጠፉ ማሰብ ይቻላል። በዚያ መንገድ ላይ ባዶ ጀርባችንን ይዘን ስንወጣ በጉብዝናችን ለመኩራራት የሚደፍር ቢኖር ዳገቱ ራሱ ይታዘበዋል።

ስለዚህ እነዚህን ደንቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተጓዥ ስንቁን ራሱ ይሸከም፤ ውሃውንም ዳቦውንም። ዲኑም ቢሆኑ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪም ቢሆን፣ በራሱ ጀርባ ይያዝ። የሚሸከምለት ሰው የሚያስፈልገው ቢኖር ተገቢውን ዋጋ ይክፈል፤ ዋጋውም ከተሰበሰበው ገንዘብ አይነሣ።

ሁለተኛ፣ ከተሰበሰበው ላይ ለካናቴራ፣ ለሰንደቅ፣ ለግብዣና ለፎቶግራፍ አንድ ሳንቲም አይውጣ። ገቢውም ወጪውም እስከ ሳንቲሙ ድረስ ተጽፎ በዚህ ጋዜጣ ላይ ይውጣ፤ በማስታወቂያ ሰሌዳም ላይ ይለጠፍ። የሒሳብ አያያዝ የሚማሩ ጓደኞቻችን የተማሩትን የሚያሳዩበት ጊዜ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጤናው የማይፈቅድለት አይውጣ፤ አይፈርም፤ አይፈርበትም። ልብ ያመመው፣ አስም ያለበት፣ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው መዝገብ ይያዝ፤ ቃል ያስገባ፤ ሻይ ያፍላ። ወጪው ብቻ ጀግና የሚባልበት ጉዞ ግማሹን ሰው ከደጅ ያስቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ተረጂው አይታይ፤ ስሙም አይጠራ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ደንብ ነው። ከሰዎች ፊት ቆሞ «እኔ ችግረኛ ነኝ» በል የተባለ ተማሪ ከሚያገኘው ብር የሚያጣው ክብር ይበልጥበታል። ሰጪውን ለማስደሰት ሲባል ፖስታ ሲቀበል ፎቶግራፍ የሚነሣ ልጅ እንዳይኖር። ምጽዋትም ሆነ ሰደቃ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ ሆኖ ቢሰጥ መልካም መሆኑን ሽማግሌዎቻችን ሁሉ አስተምረውናል። ገንዘቡ ተቀባዩ ብቻውን ገብቶ በሚነጋገርበት፣ ምስጢር በሚጠበቅበት መንገድ ይሰጥ። ኰሚቴውም በጣት የሚቈጠሩ የታመኑ ሰዎች ይሁኑ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ከእኛ በፊት በዚህ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ሙሉ ዓመት ትምህርታቸውን አቋርጠው በየጠቅላይ ግዛቱ ወርደው አስተምረዋል። በሄዱበት ስንት ነገር እንዳዩ፣ ሲመለሱም ስለ አገራቸው የነበራቸው ሐሳብ እንዴት እንደ ተለወጠ የታወቀ ነው። እነርሱ የሰጡት ዓመት ነበር፤ እኛ የምንሰጠው አንድ ቅዳሜ ነው። እንግዲህ ከእንጦጦ ስንወርድ «ግዴታችንን ፈጽመናል» ብለን ልብሳችንን አራግፈን እንዳንቀመጥ። ጓደኛችን ለምን ተራበ? ለምንስ የእርሱ መማር በእኛ ቅዳሜ ላይ ተመሠረተ? የሚለው ጥያቄ ሰኞ ጧትም ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ምጽዋት የዛሬውን ረኀብ ያስታግሣል፤ የፍትሕን ቦታ ግን አይተካም። ገንዘቡን የሚሰበስበው ኰሚቴ በተጓዳኙ ይህንን ጥያቄ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ቢያቀርብ ጉዞው ሁለት ፍሬ ያፈራል።

የሚቃወም ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ የዚህ ጋዜጣ ገጽ ለእርሱም ክፍት ነው። የሚደግፍ ደግሞ የሚወጣበትን ጫማ ሳይሆን በመጀመሪያ የሚሸከመውን ስንቅ ያዘጋጅ።